የቪዲዮ ጥሪ በንግግር መካከል ሲቋረጥ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መሥመር ከተዘረጋ ወዲህ የንግድ ቃል ከበቅሎ ጉዞ ቀድሞ የሚደርስ ሆነ። ዛሬ ደግሞ በዙም፣ በጎግል ሚትና እነዚህን በመሳሰሉት ፕሮግራሞች አማካይነት ከቃሉ ጋር የዕቃው መልክ ጭምር ለገዢው ይታያል። ይሁን እንጂ ንግግሩ በመካከሉ ሲቋረጥ የሚደርሰው ጉዳት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ለምሳሌ በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ የአገር ባህል ልብስ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ይታሰብ። በዋሺንግተን የሚኖር ደንበኛው ለሠርግ 30 ቀሚስ አዝዞ፣ ጥለቱ ከአረንጓዴ ወደ ወርቅማ እንዲለወጥ በመናገር ላይ ሳለ ፕሮግራሙ በድንገት ተዘግቶ ይጠፋል። ነጋዴው ለውጡን ሳይሰማ የቀድሞውን ትእዛዝ ለሸማኔው ያስተላልፋል። ሸማኔው ጥለቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ስሕተቱ ቢታወቅ ጊዜውና ክሩ አይመለስም፤ የሠርጉም ቀን አይጠብቅም።

ስለዚህ መድኃኒቱን ከመፈለግ በፊት የሕመሙን ዓይነት መለየት ይገባል። ምስሉ ደርቆ ቢቀር፣ ድምፁም ቢቆራረጥ፣ የፕሮግራሙ መስኮት ግን ክፍት ሆኖ እንደገና ለመገናኘት ቢሞክር ድካሙ የመሥመሩ ነው። መስኮቱ ራሱ ከነጭራሹ ቢጠፋና የቀሩት ፕሮግራሞች ቢሠሩ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ወይም የኮምፒዩተሩ ነው። ንግግሩ ሁልጊዜ በ40ኛው ደቂቃ የሚያበቃ ከሆነ ግን ብልሽት የለም፤ ዙም ያለ ክፍያ ለሚጠቀሙ ሰዎች የወሰነው ጊዜ ይኸው ነው። ለማረጋገጥ በዚያው ዋይፋይ በእጅ ስልክ መሞከር ይበጃል፤ በስልኩም ላይ ከተቆራረጠ መሥመሩ፣ በስልኩ ላይ ደኅና ከሆነ ኮምፒዩተሩ ይመረመራል።

መሥመሩ ደካማ ሲሆን ካሜራውን መዝጋት ፍቱን ዘዴ ነው። ዙም ለሁለት ሰዎች የቪዲዮ ንግግር በሰከንድ 600 ኪሎ ቢት ያህል ሲጠይቅ፣ ለድምፅ ብቻ ግን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ይበቃዋል። ስለሆነም ጨርቁን ካሳዩ በኋላ ስለ ዋጋና ስለ አከፋፈል በድምፅ ብቻ መነጋገር ይቻላል። መብራት በሚጠፋበትም ጊዜ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይ እንኳ ራውተሩ ስለሚጠፋ፣ ለራውተሩ አነስተኛ ዩፒኤስ ማዘጋጀት ይገባል። ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ የሁለተኛውን ድርጅት ሲም ካርድ በመጠባበቂያነት መያዝ ብልህነት ነው።

የሚዘጋው ፕሮግራሙ ራሱ ከሆነ የሚከተሉት በተራ ይሞከራሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር የለወጠ ሰው ግን የትኛው እንዳዳነው ሊያውቅ ስለማይችል፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ጥሪውን መፈተን ይገባል።

1ኛ. ፕሮግራሙን ማደስ፣ ማለትም አፕዴት ማድረግ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ ማይክሮሶፍት ለዚህ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. እንዳቆመ መታወስ አለበት።

2ኛ. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈትና ራም ሞልቶ እንደሆነ መመልከት፤ ከሞላ የማያስፈልጉትን ፕሮግራሞች መዝጋት።

3ኛ. ከጀርባ የሚታየውን ሰው ሠራሽ ሥዕል ማጥፋት፤ ይህ በኮምፒዩተሩ ላይ ብዙ ሥራ ይጨምርበታልና።

4ኛ. ካሜራውን ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንዳይሆን ማረጋገጥ።

5ኛ. ላፕቶፑን ከጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ። በጋቢና በነጠላ ክምር ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ የአየር መውጫው ስለሚታፈን ይግላል፤ ሲግልም ሥራው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል።

6ኛ. የግራፊክስ ድራይቨሩን ማደስ፤ ይህም ካልረዳ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ከባለቤቱ ድርጅት ድረ ገጽ እንደገና መጫን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መሣሪያ መሣሪያ ነውና አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። እንግዲህ የጥንቃቄው ዋና ክፍል በነጋዴው እጅ ያለው ነው። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ቢቋረጥ መልሶ የሚደውለው ማን እንደሆነና በየትኛው ቁጥር እንደሚደወል ይስማሙ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢደውሉ መስመሩ ተይዞ ይገኛልና። ንግግሩም እንዳበቃ፣ ቢቋረጥም ባይቋረጥም፣ የዕቃው ብዛት፣ ቀለሙ፣ ዋጋው፣ የአከፋፈሉ ሁኔታና የሚላክበት ቀን በዚያው ዕለት በጽሑፍ ለደንበኛው ይላክ፤ ደንበኛውም በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ሸማኔው ሥራ አይጀምር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ብሂል በዚህም ዘመን ለነጋዴ የሚጠቅም ምክር ነው።