የመኪና አነዳድና አያያዝ፤ የደንገጎ መንገድ እንደ ምሳሌ

«የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ፍሬንና ስለ ራዲያተር ለመጻፍ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። መካኒኮች ባንሆንም ተሳፋሪዎች ነን፤ ዛሬ ተሳፋሪ የሆነ ተማሪ ደግሞ ነገ ሥራ ይዞ መሪ መጨበጡ አይቀርም። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክሳችንን ጥቂት አስታውሰን፣ የከተማችንንም መንገድ ምሳሌ አድርገን፣ አንድ የቤት መኪና ሰውን በደኅና ወስዶ በደኅና እንዲመልስ ምን እንደሚያስፈልገው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ባቡር የሸሸው ዳገት

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ አስቀድሞ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሥራው እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ ባቡሩ ተራራውን ትቶ በግርጌው አለፈ። እንግዲህ ከተማችን ባቡር ከሸሸው ዳገት ሥር የተወለደች ናት ማለት ነው።

ይህንኑ ዳገት ዛሬ መኪና ሲወጣውና ሲወርደው ይውላል። ወደ ሐረር የሚሄደው ነጋዴ፣ ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለሰው ተማሪ፣ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ስለቱን ይዞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በደንገጎ ጠመዝማዛ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ላይ ገበያ እንዳያመልጠው የሚጣደፍ ጫት የጫነ አይሱዙ አለ፤ ግመልና ፍየልም አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው የ800 ሜትር ልዩነት ለዚህ ትምህርት መነሻችን ነው።

ቁልቁለቱ የሚያወጣው ሙቀት

ከነተሳፋሪዎቹና ከነዕቃው 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀውን ጉልበት ብናሰላው 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር ለእኛ ለአርት ተማሪዎች ብዙም ስለማይነግረን በጀሪካን እንለካው። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከቧንቧ የተቀዳ 37 ሊትር ያህል ውኃ፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ለማፍላት ይበቃል።

ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን የሚቀበሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞተሩ፣ ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ለየትኛው እንደሚሰጥ የሚወስነው ነጂው ነው። ሞተር ሙቀትን የሚያስወጣበት ራዲያተርና ማራገቢያ አለው፤ ፍሬን ግን ያለው ጥቂት ብረትና ጥቂት ሸራ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናን በቁልቁለት ላይ ገትቶ የሚያወርደው ማርሽ መሆን አለበት። ፍሬን ለማቆም የተሠራ ነው እንጂ ተራራውን ሙሉ መኪና ተሸክሞ ለማውረድ የተሠራ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው።

አወራረዱ

የቆዩ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ምክራቸው ትክክል ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ፍጥነት ካበዛ በኋላ ለመቀነስ መሞከር አስቸጋሪ ይሆናል። ፍሬን መያዝ ሲያስፈልግ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያም እግርን ፈጽሞ ማንሣት ይገባል፤ በዚህ መካከል ፍሬኑ ይተነፍሳል። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ከላይ እስከ ታች መውረድ ግን ሸራውን ማቃጠል ነው።

ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ፣ አንዳንዶችም ሞተሩን አጥፍተው የሚወርዱ አሉ። ይህ ልማድ ሁለት ጊዜ ያከስራል። በመጀመሪያ፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በቁልቁለት ላይ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል፤ በዜሮ ማርሽ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ ቁጠባ የተባለው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከጠፋ ለፍሬኑ ኃይል የሚጨምረው ረዳት ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና የሚነዳም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ከ«ዲ» በታች «2»፣ «ኤል»፣ «ኤስ» ወይም «ቢ» የሚል ምልክት ያለው ለዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ወደ ባትሪው እየመለሰ ራሱን ይገታል። ነገር ግን ሐረር ላይ ባትሪው ጢም ብሎ ከተሞላ ለሚመለሰው ጉልበት ቦታ ስለማይኖር መግታቱ ይደክማል፤ ሸክሙም ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ወደ ድሬዳዋ ከመውረዱ በፊት ባትሪውን ጥቂት ጎደል አድርጎ ቢነሣ ይሻለዋል።

ፍሬን ለምን ይከዳል?

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዐይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ነጂው ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በከዚራ ጥላማ ጎዳናዎች ላይ ጠዋት ደኅና የነበረ ፍሬን ከሰዓት በኋላ በደንገጎ ሊከዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሲጎድል እየጨመሩ መሄድ መድኃኒት አይሆንም፤ መጉደሉ ራሱ ሸራው ማለቁን ወይም አንድ ቦታ ማፍሰሱን የሚናገር ምልክት ነው።

የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ከለሰለሰ፣ ሳይውል ሳያድር ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ መቆምና ግማሽ ሰዓት ያህል ማብረድ ነው። በጋለው ብረት ላይ ውኃ መድፋት ሊሰነጥቀው ስለሚችል ክልክል ነው። ፍሬኑ ፈጽሞ እንቢ ካለ ነጂው ፔዳሉን ደጋግሞ ይርገጥ፤ ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንስ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳብ፤ ክላክስ እየነፋም ወደ ተራራው ወገን ይጠጋ፤ ወደ ገደሉ ወገን ግን አይጠጋ። ከቆመ በኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ሲነሣ ግን ድንጋዩን ከመንገድ ማውጣት አይርሳ። የአንዱ መዳኛ ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣው ሌላ ሰው መሞቻ እንዳይሆን ነው።

ዳገቱና ራዲያተሩ

ወደ ላይ ሲወጣ ተራው የሞተሩ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት የተነሣ መኪና ገና ሳይደክም ግሏል። በዚህ ላይ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በሐረማያ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይፈላል። ራዲያተር ይህን የሚቋቋመው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ጥቂት ብር የሚያወጣ ዕቃ ቢሆንም ሞተርን ያህል ነገር ሊያቃጥል ይችላል።

የከተማችን ውኃ ኖራማ መሆኑን ለማወቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ማየት ይበቃል። ያ ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ስለዚህ ከቧንቧ ቀድቶ ከመጨመር ይልቅ የተጣራ ውኃና የራዲያተር ፈሳሽ መጠቀም ይገባል። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ የቀዝቃዛ አየር ማሽኑን ማጥፋት፣ ማርሽ መቀነስ፣ ካልበረደም ቆሞ ኮፈኑን መክፈት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ መክፈት በፍጹም አይገባም፤ የታፈነው የፈላ ውኃ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ጎማ

የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ከሰዓት በኋላ በጋለ አስፋልት ላይ ተነድቶ የተለካ ጎማ ንፋሱ የበዛ ይመስላል፤ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ግን ስሕተት ነው፤ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ከመጠን በላይ እየተጣጠፈ ይግላል፤ የሚፈነዳውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ ጊዜው አልፏል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ያረጀ ጎማ አለ፤ ዕድሜው በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል። ለምሳሌ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ ከጎሚስታ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ያንብብ። ስኮርታውም ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም እንደሚሠራ ከቤት ሳይወጡ ማየት ይገባል።

ደቻቱ

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ነገር ግን በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች መግደሉን የከተማው ሰው አይረሳውም። ነጂ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። በከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በክረምት መኪናን አሸዋው ላይ አቁሞ ማደርም ሆነ ጎርፍ ሲወርድ «እሻገራለሁ» ማለት ድፍረት አይባልም።

የመኪናው ደብተር

ፔጆ 404 የሚባለው መኪና በፈረንሳይ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነበር። ይሁን እንጂ በሐረርና በድሬዳዋ ፋብሪካው መሥራቱን ከተወ በኋላም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። ይህን ያደረገው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱን በጊዜው የለወጠ፣ ድምፁን ያዳመጠ ባለቤትና መካኒክ ስለ ነበረው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በእጃችን ያሉት መኪናዎች ገና ብዙ እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። አያያዙን ማወቅ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጽሑፍ ለሚወድ ሰው የሚስማማው የመጀመሪያው የመኪና ዕቃ ደብተር ነው። ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የፍሬን ዘይት፣ የሸራ፣ የቺንጋ፣ የአየር ማጣሪያና የባትሪ ለውጥ ይጻፍበት። በየሳምንቱም መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ የሞተር ዘይት በዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑ፣ የራዲያተር ፈሳሹ፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ፍሬቻውና የኋላ መብራቱ ይታይ። ሁሉም ቢደመር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የተሳፋሪው ድርሻ

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋራ ቢላተም ጉዳቱ ከ14 ሜትር፣ ማለት ከአራተኛ ፎቅ ገደማ እንደ መውደቅ ነው። ቀበቶ የሚታሰረው ለትራፊክ ፖሊስ ሳይሆን ለዚህ ነው። የደከመ ነጂም ይረፍ፤ ጫት እንቅልፍን ለጊዜው ቢያርቅ የዕረፍትን ቦታ አይተካም።

በአገራችን ሾፌርን መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል። መኪናው በዜሮ ማርሽ ሲንደረደር ሁላችንም የሸራውን ሽታ እያሸተትን ዝም እንላለን። ዝምታው ጨዋነት ቢመስልም ዋጋው ከባድ ነው። ነጂው እኩያችን ቢሆን «ወንድሜ፣ በማርሽ አውርደን»፣ ታላቃችን ቢሆን «ጋሼ፣ እባክዎ ማርሽ ይቀንሱልን» ማለት ማንንም አያዋርድም። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ብዙዎቻችን ተጠራቅመን በአንድ መኪና ወደየቤታችን እንሄዳለን። ያን ዕለት ሻንጣ ከመጫኑ በፊት «የፍሬን ዘይቱ መቼ ተለወጠ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ በየመኪናው ከተገኘ ይህ ጽሑፍ የተባዛበት ቀለምና ወረቀት በከንቱ አልባከነም። በሙያው የተሻለ ዕውቀት ያለው አንባቢ የጎደለውን ሞልቶ፣ የተሳሳተውንም አርሞ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን በደስታ እንቀበላለን።