የእንጉዳይን ዘር በቤት ማዘጋጀት

ጠላ የሚጠመቅበት ጋን አስቀድሞ በግራዋ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ይታጠናል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም። የእንጉዳይ ዘር ማዘጋጀትም እንደዚሁ ነው። ከሥራው ግማሹ ጽዳት ነው።

እንጉዳይ እንደ ስንዴ የሚዘራ ፍሬ የለውም። ከጥላው ሥር እንደ ዱቄት የሚረግፍ ደቃቅ ነገር አለው፤ ከእሱ መጀመር ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከእንጉዳዩ ከራሱ ሥጋ ጥቂት ተቆርጦ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ቁራጩ ነጭ ክር እያወጣ ይሰፋል። ይህን ክር የእንጉዳይ እርሾ ብንለው አንሳሳትም። ጥቂት እርሾ ብዙ ሊጥ እንደሚያቦካ፣ ጥቂት ክርም ብዙ ገለባ ይይዛል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ በገለባ ላይ የሚያመርቱ አሉ። ዘሩን ሁልጊዜ ከሰው የሚገዛ ግን ዘር በጠፋ ቀን ገለባውን ታቅፎ ይቀመጣል።

ለቁራጩ የሚሰጠው ምግብ የድንች ውኃ ነው። ድንቹ ከሮብ ገበያ፣ ስኳሩ ከሱቅ ይገኛል። ከሩቅ የሚመጣው አጋር የሚባለው ዱቄት ብቻ ነው። ስሙ «አጋር ሁነኝ» ከምንለው ቃል ጋር ይመሳሰል እንጂ የመጣው ከማላይ ቋንቋ ነው። አጋር ከባሕር ውስጥ አልጌ ይወጣል፤ ሲፈላ ይሟሟል፣ ሲበርድ ይረጋል። ቀድሞ ሊቃውንት የሚጠቀሙት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣው ጄላቲን ነበር፤ እሱም ሙቀት ሲነካው እየቀለጠ አስቸገራቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1881 ፋኒ ሄሰ የተባለች ሴት በማድ ቤቷ የምትሠራበትን አጋር ለባሏ ነገረችው። ባሏ በጀርመን አገር በሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። እነሆ እስከ ዛሬ የዓለም ላቦራቶሪዎች የሚሠሩት በዚሁ ነው።

እንግዲህ አንድ መቶ ግራም ድንች ላጡና ከትፉ። መካከለኛ ድንች አንዱ ይበቃል። በግማሽ ሊትር ውኃ እስኪበስል ቀቅሉና ውኃውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። የጎደለውን ውኃ ሞልታችሁ እንደገና ግማሽ ሊትር አድርጉት። አሥር ግራም ስኳርና አሥር ግራም አጋር ጨምሩ፤ ባለሱቁ በሚዛን ይለካላችኋል። እስኪሟሟ እያማሰላችሁ አፍሉት። ከዚያ አፋቸው ሰፊ በሆነ የማርመላታ ብልቃጦች ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቅዱ። ክዳኑን በሚስማር ብሱና ቀዳዳውን በጥጥ ወትፉት። ክዳኑን አታጥብቁ፤ ብልቃጡ ይፈነዳል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ብልቃጥ በተራ ድስት ቀቀልን። ውኃው ሲንተከተክ አይተን «ከዚህ በላይ ምን ሙቀት አለ» አልን። በአምስተኛው ቀን ስድስቱም አረንጓዴ ሻጋታ ለበሱ። ድንቹም አጋሩም ድካሙም ከንቱ ቀረ። ጥፋቱ የደጋነታችን ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ እዚያ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ የተጠጋ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ውኃው ይንተከተካል እንጂ ጠንካራውን ተባይ አይገድልም። ባቄላ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ድስት ነው። ብልቃጦቹን በውስጡ ደርድሩ፤ ከሥር ጥቂት ውኃ ይኑር። እንፋሎቱ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ቁጠሩ። በቆላ 15 ደቂቃ የሚበቃው ለእኛ 40 ደቂቃ ይሁን። ድስቱን ራሱ እስኪበርድ አትክፈቱት፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። የረጋውን ብልቃጥ ሦስት አራት ቀን አስቀምጡ። ምንም ካልበቀለበት ንጹሕ ነው።

ቁራጩን የምታስገቡበት ቤት በዚያን ቀን አይጠረግ፤ አቧራ ውስጥ የሻጋታ ዘር አለ። በርና መስኮት ይዘጋ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከዚያም 70 ከመቶ በሆነ አልኮል ጥረጉ። የቤት አረቄ፣ ዳግሙም ቢሆን፣ ለዚህ አይበቃም። እጃችሁ ሳይደርቅ ወደ እሳት አትቅረቡ። ቢላዋውን በእሳት አግላችሁ አቀዝቅዙ። እንጉዳዩን በእጅ ሰንጥቁትና አየር ካልነካው ከውስጠኛው የስንዴ ፍሬ የሚያህል ወስዳችሁ አጋሩ ላይ አኑሩ። ቶሎ ክደኑ።

ለዚህ የሚሆነው እንጉዳይ ከታወቀ አምራች የተገዛ ብቻ ነው። ከሜዳ የተለቀመ፣ ስሙ በቅጡ ያልታወቀ የጅብ ጥላ አይሁን። ሰው የሚገድል አለበት፤ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም።

ብልቃጡን ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ፣ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ጭስ በማይደርስበት አስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይሸፍነዋል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ካያችሁ አትክፈቱት፤ ዱቄቱ ይበንና ሌሎቹንም ይበክላል። እንደተከደነ ድስቱ ውስጥ መልሳችሁ ቀቅሉና ቅበሩት። ነጩን ግን ከአጋሩ ጋር ቆርጣችሁ፣ እንደ ብልቃጡ በዚያው ድስት ወደ ተቀቀለና ወደ በረደ ማሽላ ታዛውሩታላችሁ፤ ከማሽላው ወደ ገለባ ይሄዳል።