የአዲስ ዓሣ ገንዳ ውሃ ለምን አሲዳማ ይሆናል?

በሸዋ ሮቢት አዲስ ገንዳ ሞልቶ ዓሣ ሊያረባ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፤ ውሃው በተሞላበት ጠባዩ አይቆይም። ፒኤች የሚባለው ልኬት ከ0 እስከ 14 ነው። 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ ቤዛዊ ነው። እያንዳንዱ እርከን 10 እጥፍ ስለሆነ፣ ከ8 ወደ 7 የወረደ ውሃ አሲድነቱ 10 ጊዜ ጨምሯል።

የመጀመሪያው ለውጥ ከምን ይመጣል ቢሉ፣ ከአየር። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ብዙውን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ይወጣል። ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲንፎለፎል ጋዙ ይለቀቃል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። እንደተቀዳ የተለካ ቁጥር ስለዚህ አይታመንም፤ ውሃው አንድ ቀንና ሌሊት አየር ያግኝና ይለካ።

ሁለተኛው ግን ወደ ታች ነው፤ የትምህርቱም ፍሬ ነገር እዚህ አለ። ዓሣ የሚያስወግደው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ በደንብ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሥራቸው አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያመክነው በውሃው የሟሟው ባይካርቦኔት ነው፤ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጂን ሲለወጥ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ቢሰላ፣ 7 ግራም ያህል ያልቃል። ባይካርቦኔቱ እስካለ ፒኤቹ እምብዛም አይነቃነቅም። ሲያልቅ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ያሽቆለቁላል። የቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃችሁ በቂ የባይካርቦኔት ስንቅ አለው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ግን ከዚህ ስንቅ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ፒኤች ከ6.5 ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፤ 6 አካባቢ ሥራቸው ሊቆም ይደርሳል። አሞኒያው ይጠራቀማል፣ ዓሣው ግን ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም። ስለምን ቢሉ፣ በአሲዳማ ውሃ አሞኒያ በአብዛኛው አሞኒየም ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ይህም ጉዳቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። በዚህ ጊዜ «ፒኤቹ ወረደ» ብሎ ቤኪንግ ሶዳ በአንዴ የሚደፋ ሰው፣ የተኛውን መርዝ ቀስቅሶ ዓሣውን ይገድላል።

ሙቀት ደግሞ የአሞኒያውን መርዝነት ያባብሰዋል። ፒኤች 8 በሆነ 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል ከመቶ 4 ገደማ ነው፤ በ28 ዲግሪ ከመቶ 6 ያልፋል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት፣ ለአዲስ አበባ ገንዳ የሚበቃ ጥንቃቄ አይበቃም።

እንግዲህ ከፒኤች በፊት አሞኒያን ለኩ። ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ከውሃው ጥቂት ጥቂቱን በየቀኑ ቀይሩ እንጂ አንድ ጊዜ አትገልብጡት። ከዚያ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ማጣሪያው ውስጥ አድርጉ፤ አሲዱ ሲበዛ ቀስ እያለ ይሟሟል። ሶዳ ጥቂት ጥቂት የምትጨምሩ ከሆነም፣ ቤኪንግ ፓውደርን ቤኪንግ ሶዳ ነው ብላችሁ እንዳትጨምሩ፤ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ነው።

ገንዳው ደጅ ሆኖ አልጌ ካበቀለ ፒኤቹ ቀን ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። የጠዋቱን 12 ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ጋር አታወዳድሩ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኩ።

ከሁሉም የሚሻለው ዓሣ ሳይገባ ምግብ ቆንጠር እያደረጉ በመጣል ባክቴሪያውን አስቀድሞ ማርባት ነው። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ዓሣውን ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ አስገቡ። ዓሣ እስከበላ ድረስ አሲዱ መመረቱን አያቆምምና፣ ልኬቱም የውሃ ቅየራውም ከዚያ በኋላ ይቀጥላሉ።