ሥራ ሳይለቁ ሥራ መፈለግ፦ የፈቃድ ቀን ሒሳብ

“ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም” ይላል ያገራችን ሰው። በሥራ ገበያ ግን ይህን ለማድረግ የሚገደዱ ጥቂቶች አይደሉም። ለአብነት ያህል፣ ጎንደር ከተማ ተቀምጦ ለአንድ አማካሪ ድርጅት የሚሠራ ባለሙያ ይወሰድ። ሰኞ ዳባት፣ ረቡዕ ደባርቅ እየተዘዋወረ ከገበሬው መረጃ ይሰበስባል፤ ማታ ያጠናቅራል፤ ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት ይጠበቅበታል። በዚህ መሐል ላመለከተበት ሥራ “ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዲስ አበባ ለፈተና ይቅረቡ” ተብሎ ይደወልለታል።

ብዙዎች ይህን የድፍረት ወይም የብልጠት ጉዳይ ያደርጉታል። በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ ግን ጥያቄው ውስን ሀብትን የማደላደል ነው። ውስኑ ሀብት የዓመት ፈቃድ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ለየ2 ዓመቱ አገልግሎት 1 ቀን ይታከልለታል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመኪና ለመሄጃ 1፣ ለጉዳዩ 1፣ ለመመለሻ 1፣ በድምሩ 3 ቀን ይጠይቃል። ዋናውንና ኮፒውን ይዞ ለመመዝገብ፣ ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ 3 ጊዜ የሚመላለስ ሰው ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ 9 ቀን ያወጣል። ለሁለት ቦታ 18 ቀን ይሆናል። ፈቃዱ ግን 16 ነው። ሁለት ዛፍ ማለት ይህ ነው።

ስሌቱን ማሻሻል ግን ይቻላል። ማስታወቂያው በኢሜይል፣ በፖስታ ወይም በተወካይ መመዝገብን ከፈቀደ የአንዱ ቦታ ወጪ ወደ 6 ቀን ይወርዳል። ፈተናውና ቃለ መጠይቁ በተከታታይ ቀናት እንዲሆኑለት በትሕትና ጠይቆ ከተፈቀደለት 4 ቀን ይበቃል፤ በ16 ቀን 4 ቦታ ይሞከራል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በስልክ እንዲሆን መጠየቅም ነውር የለውም። ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄድ ቀን ይቆጥባል። ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ ስለሚከፈል፣ ትኬቱ ውድ ነው ከማለት በፊት የተረፉትን ቀናት ደመወዝ ከጎኑ አስቀምጦ ማነጻጸር ይገባል።

የመስክ ሥራም የራሱ ጣጣ አለው። ወደ ጃናሞራና በየዳ የወጣ ባለሙያ ስልኩ ለቀናት ላይሠራ ስለሚችል፣ በማመልከቻው ላይ ጎንደር ያለ ዘመድ ስልክ መጨመሩ ይበጀዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በድንገት ሊዘጋ ስለሚችል፣ ለጉዞ መጠባበቂያ ቀን መያዝ ያስፈልጋል።

“አሞኝ ነው”፣ “ለቅሶ ደርሼ ነው” እያሉ መቅረት ርካሽ ይመስላል። ሆኖም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀናት ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ ከሥራ ሊሰናበት እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል። ሁለት የድብቅ ጉዞ 6 ቀን መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ጎንደርን በመሰለ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ደግሞ የለቅሶው ውሸት ውሎ አያድርም። ምክንያቱን “የግል ጉዳይ” ብሎ በደንቡ መሠረት ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል። ለደንበኛ የተሠራ ሪፖርትን የችሎታ ማሳያ አድርጎ ለፈታኞች ማሳየትም እምነት ማጉደል ነው።

ጥሪው ከሪፖርት ማስረከቢያ ቀን ጋር ከተጋጨ፣ አስቀድሞ ሌላ ቀን መጠየቅ እንጂ ሪፖርቱን ማጓደል አይገባም። አዲሱ አሠሪ ስለ አመልካቹ ሲያጠያይቅ መልስ የሚሰጠው ነባሩ ነውና።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ የሚመጣው በመጨረሻው ሰዓት ነው። “አልፈሃል” የሚል ስልክ ሰምቶ መልቀቂያ የሚያስገባ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል። ደመወዙና የሥራ መደቡ የተጻፈበት ውል ወይም ደብዳቤ በእጅ ሳይገባ መልቀቅ አይመከርም። ውሉ ከተያዘ በኋላም የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ መስጠት ግዴታ ነው፤ ይህን ያላደረገ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሳ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ “መቼ ትጀምራለህ?” ለሚለው ትክክለኛው መልስ “ውል በፈረምኩ በወሩ” ነው። በአዲሱ ቦታ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ሊኖር እንደሚችልም አይዘነጋ።

እንግዲህ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ይህ ቦታ ስንት ቀኔን ይበላል? መልሱን የሚያውቅ ሰው የሚወጣበትን ዛፍ ይመርጣል።