የባሮ ወደብ፦ የጋምቤላን የወንዝ መርከብ ማረፊያ እንደ ኢንዱስትሪ ቅርስ ማንበብ

መግቢያ

በአገራችን የኢንዱስትሪ ቅርስ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የባቡር ጣቢያ፣ የቆየ ፋብሪካ ወይም ድልድይ ነው። ከባሕር በራቀው የምዕራብ ኢትዮጵያ ምድር ስለ ወደብ ቅርስ መናገር ለብዙዎች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኘው ጋምቤላ ከሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የእንፋሎት መርከብ የሚያርፍባት የውስጥ ወደብ ነበረች። ይህ አጭር ጽሑፍ ወደቡ እንዴት እንደ ተመሠረተና እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ከመረመረ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ቅርስ በምን መንገድ ሊጠና እንደሚገባ ሐሳብ ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወደቡ አመሠራረት

የወደቡ ሕጋዊ መሠረት ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (1902) በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል ነው። የውሉ አራተኛ አንቀጽ በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ቦታው የንግድ ጣቢያ ብቻ እንዲሆን፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በውሉ ተገልጿል። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር እስከምትቆይበት ጊዜ ድረስ ሆኖ ተወሰነ።

በ1904 የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ወደ ላይ የሚገኘው ጋምቤላ ሲሆን፣ ጣቢያው በ1907 የወደብና የጉምሩክ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሱዳን መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርገው ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ከ1,300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ይመላለሱ ጀመር። ጉዞው ወደ ካርቱም ሲወርዱ 7 ቀን፣ ወደ ጋምቤላ ሲወጡ ደግሞ 11 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይወጣል።

ጣሊያን በ1936 አካባቢውን ያዘ። በ1941 የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ከጣሊያን እጅ አስለቀቀው። ሱዳን በጥር 1956 ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ቅድመ ሁኔታ አከተመ፤ በዚያው ዓመት ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ስለዚህ የጣቢያው ማብቂያ ገና ሲመሠረት በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

የወቅቶች አለመጣጣም

ወደቡን ለመረዳት ከመርከቡ ይልቅ በወቅቶች መጀመር ይበጃል። ባሮ ትልልቅ መርከብ የሚያሳልፈው በክረምት፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው። በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል መርከብ ሊወጣ አይችልም። በሌላ በኩል በምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ከጎሬ ደጋ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በቡሬ በኩል አድርጎ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የባሮ ሜዳ የሚወርደው የበቅሎና የሸክም መንገድም የሚመቸው በበጋ ነው። በክረምት ጭቃውና የሞላው ጅረት መንገዱን ያውካሉ፤ በቆላው ደግሞ የገንዲ በሽታ የጋማ ከብቱን ይፈጃል።

ከዚህ አንድ መሠረታዊ ነጥብ ይከተላል። የየብሱ መንገድ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲከፈት የየብሱ መንገድ ይከብዳል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መጋዘን ነው። በበጋ የወረደው ቡና ክረምት እስኪገባ በወንዙ ዳር መቀመጥ አለበት፤ በክረምት የመጣው ጨውም መንገዱ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ የጋምቤላ ወደብ እምብርት መርከቡ የሚታሰርበት ዳርቻ ሳይሆን ዕቃው የሚከማችበት ቤት ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ዕቃን ለወራት አስቀምጦ መጠበቅ ከፍ ያለ ካፒታል ይጠይቃል። የግሪክና የሶርያ ነጋድያን በጋምቤላ ንግድ ጉልህ ስፍራ መያዛቸውም ከዚህ አንጻር ሊመረመር የሚገባው ነው።

ቅርሱ ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የኢንዱስትሪ ቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ በ2003 በሩሲያዋ ኒዥኒ ታጊል ከተማ ያጸደቀው ቻርተር የኢንዱስትሪ ቅርስን ከፋብሪካና ከማሽን አልፎ መጋዘንን፣ መጓጓዣንና መሠረተ ልማቱን፣ እንዲሁም ከሥራው ጋር የተያያዙ ማኅበራዊ ስፍራዎችን እንዲያቅፍ አድርጎ ተርጉሞታል። የአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ ሲያይ ግዙፍነት ያለውንና የሌለውን አንድ ላይ ይይዛል። በሁለቱም መለኪያ ጋምቤላ የቅርስ ስፍራ ናት።

የእንግሊዟ ግሎስተር ለማነጻጸር ትረዳለች። ከባሕር ርቃ ብትገኝም በ1827 በተከፈተው ቦይ አማካይነት የመርከብ ወደብ ሆናለች። የጡብ መጋዘኖቿ ዛሬም ቆመዋል፤ በ1873 በተሠራው አንዱ መጋዘን ውስጥ የውኃ መንገዶች ሙዚየም ተቋቁሟል። በዚያ ቅርሱ ራሱ ሕንጻው ስለ ሆነ ጎብኚው አይቶ ይረዳዋል። የጋምቤላ ወደብ ግን ወቅታዊ ነበር፤ ሥራው በውኃው መሙላትና መጉደል፣ በሰው ትከሻና በእንስሳ ጀርባ ላይ የቆመ ነበር። የግሎስተርን መመዘኛ እንዳለ ወስዶ የቆመ ሕንጻ ብቻ የሚፈልግ አጥኚ ከቅርሱ አብዛኛውን ክፍል ሳያየው ያልፋል።

የጥናት አቅጣጫ

በዚህ መነሻ፣ በመስክ የሚሰማራ ተመራማሪ አራት ነገሮችን በአንድነት ቢመዘግብ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የወንዙን ዳርቻ፤ የክረምቱ ውኃ የሚደርስበትን ከፍታ፣ ጭነት ለማውረድ የሚመቸውን ተዳፋትና የወንዙን አካሄድ ለውጥ። ሁለተኛ፣ የመጋዘንና የጉምሩክ ቦታዎችን አቀማመጥ፤ ከውኃው ያላቸውን ርቀትና ከጎርፍ የተጠበቁበትን ዘዴ። ሦስተኛ፣ ከጎሬ በቡሬ እስከ ባሮ ያለውን የጭነት መንገድ፤ የማደሪያ ስፍራዎችን፣ የወንዝ መሻገሪያዎችንና የኬላ ቦታዎችን። አራተኛ፣ የቃል ታሪክን፤ የተሸካሚዎችን፣ የበቅሎ ነጂዎችን፣ የጫኝና አውራጆችን፣ እንዲሁም ወንዙን አስቀድሞ የሚያውቁትን የአኙዋና የኑዌር ማኅበረሰቦች ትዝታ።

አራተኛው ጊዜ አይሰጥም። ቦታው ከተመለሰበት ከ1956 ወዲህ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗል። በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው። ውሉና የቆንስላ ደብዳቤዎች በቤተ መዛግብት ሊቆዩ ይችላሉ፤ የተሸካሚው ቃል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በመዛግብቱ ብቻ የሚጻፍ ታሪክም የባለሥልጣኑንና የነጋዴውን ድምፅ እንጂ ጭነቱን የተሸከመውን ሰው ድምፅ አያሰማም።

ሌላው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ጣቢያው በባዕድ መንግሥት የሚተዳደር የኪራይ ቦታ ስለ ነበር ቅርሱን የቅኝ ግዛት ትራፊ አድርጎ ወደ መተው የሚያዘነብል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ቡናው የኢትዮጵያ ገበሬ ላብ፣ መንገዱም የኢትዮጵያውያን እግር ያቀናው ነው። ሁለቱን ገጽታዎች አንዱን በአንዱ ሳይሸፍኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የቅርስ ጥናት ተግባር ነው።

ማጠቃለያ

ከጋምቤላ የሚገኘው ትምህርት ለሌሎችም አካባቢዎች ይሠራል። በወላይታ ከዱቦና ከአረካ ደጋ እስከ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ባለው ምድር የእንፋሎት መርከብ አልነበረም። ቢሆንም ደጋን ከቆላ የሚያገናኙ የገበያ መንገዶች፣ ማደሪያዎችና የሐይቅ ዳር መውረጃዎች በተመሳሳይ ዓይን ሊጠኑ ይችላሉ። ጥያቄው «የቆመ ሕንጻ አለ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ዕቃው በየትኛው ወቅት፣ በማን ጉልበት፣ የት ተከማችቶ ተላለፈ?» የሚል ቢሆን፣ ባዶ የሚመስለው ዳርቻ የሚናገረው ብዙ ነው። ይህንም ጥያቄ የሚመልሱት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።