ያልታየ ሳቅ፦ የፒየር ኤቴክስ ፊልሞችና የቅርስነት ጥያቄ

መግቢያ

ስለ አንድ ፊልም ሠሪ ቅርስ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ተጽዕኖው ነው፤ ማንን አስተማረ፣ ማንስ ተከተለው? ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ያነሣል፦ ሥራው ሊታይ ካልቻለ ቅርሱ በምን ላይ ይቆማል? ለዚህም የፈረንሳዊውን ኮሜዲያንና ዳይሬክተር የፒየር ኤቴክስን (እ.ኤ.አ. 1928–2016) ሥራዎች ይመረምራል።

ዳራ

ኤቴክስ ንድፍ ሠዓሊና የመድረክ ኮሜዲያን ነበር። በዣክ ታቲ «አጎቴ» (1958) ፊልም ላይ በረዳትነት ከሠራ በኋላ ከጸሐፊው ከዣን-ክሎድ ካሪዬር ጋር የራሱን ፊልሞች መሥራት ጀመረ። «መልካም የጋብቻ በዓል» የተሰኘው አጭር ፊልማቸው በ1963 የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ «ዮዮ» (1965) እና «ታላቁ ፍቅር» (1969) ተከተሉ። ይሁን እንጂ በባለመብትነት ውዝግብ ሳቢያ ፊልሞቹ ለረጅም ዓመታት ከሕዝብ ዕይታ ራቁ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ከቀረበና ጉዳዩ በፍርድ ቤት ከታየ በኋላ መብቱ በ2009 ተመለሰ፤ ፊልሞቹም ታድሰው በ2010 ዳግም ለዕይታ በቁ።

ትንተና

የዚህ መሰወር ጉዳት በምስላዊ ኮሜዲ ላይ የሚበረታው ለምንድን ነው? በ«ታላቁ ፍቅር» አንድ ባለትዳር ስለ ወጣት የቢሮ ጸሐፊው ሲያልም አልጋው ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ በገጠር አውራ ጎዳና ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ሌሎች አልጋዎች እንደ መኪና ይተላለፋሉ፤ አንዱም ተበላሽቶ ባለቤቱ ከሥሩ ገብቶ ይጠግነዋል። ይህን በጽሑፍ መተረክ ይቻላል፤ ሳቁን የሚፈጥረው ግን ታሪኩ ብቻ ሳይሆን ካሜራው ነገሩን እንደ ተራ የመኪና ጉዞ በእርጋታ መመልከቱ ነው። በ«ዮዮ» ደግሞ የ1920ዎቹ ክፍል ያለ ንግግር ያልፋል፤ ሲጢጥ የሚለው የበር ድምፅ ግን ተጋንኖ ይሰማል። ድምፅና ምስል የሚገናኙበትን ይህን ቅጽበት የትኛውም የፊልም ጽሑፍ ሊይዘው አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ የደረጃ ምደባ ነው። ፊልሞቹ በማይታዩበት ጊዜ ኤቴክስን «የታቲ ደቀ መዝሙር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሥራዎቻቸውን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ግን ልዩነቱን ያስተውላል፦ ታቲ በ«ፕሌይታይም» (1967) ሰፊውን ምስል በሰው ሞልቶ ተመልካቹ ሳቁን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ይተወዋል፤ ኤቴክስ በአንጻሩ ዓይንን ወደ አንድ ነገር ይመራና የተደበቀውን በተገቢው ቅጽበት ይገልጣል።

እርግጥ ነው፣ ኤቴክስ በተዋናይነቱና ከአኒ ፍራቴሊኒ ጋር ባቋቋመው የሰርከስ ትምህርት ቤትም ይታወቃል። ይህ ግን የሰውየውን ዝና ያስቀጥላል እንጂ የፊልሞቹን ህልውና አይተካም።

መደምደሚያ

ስለሆነም የፊልም እድሳትና የባለመብትነት ጉዳይ ከሥነ ውበት ጥናት ውጭ ያለ አስተዳደራዊ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ለጥናቱ ቅድመ ሁኔታ ነውና። ምስላዊ ኮሜዲን የሚያጠና ተመራማሪ ስለ አንድ ሥራ ደረጃ የተሰጡ ፍርዶችን ከመቀበሉ በፊት፣ ፍርዶቹ ፊልሙ ታይቶ የተሰጡ መሆናቸውን ማጣራት ይኖርበታል።