ጋራዥና ማስተርስ አብረው ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦ በአውቶሞቲቭ ዲግሪ አለኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የጋራዥ ፎርማን ነኝ። ሥራዬን ሳልለቅ በአውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ማስተርስ ብጀምር ያዋጣኛል?

መልስ፦ ሞተር በመፍታት ለመራቀቅ ከሆነ አትድከም። ይህ ትምህርት ከመፍቻው ይልቅ ወደ ሥራ ካርዱ፣ ወደ መለዋወጫ መጋዘኑና ወደ ሰው አያያዙ ያደላል። መኪና ሊፍት ላይ ተሰቅሎ ሦስት ቀን የሚከርመው መካኒኩ ሰንፎ ብቻ አይደለም፤ የፍሬን ሸራው በጊዜ ሳይታዘዝ ቀርቶም ነው። አንተን የሚያስጨንቅህ ይህ ከሆነ ግባበት።

ዋናው ችግርህ የቅዳሜ ቀን ነው። የሠራተኛ ትምህርት የሚሰጠው ቅዳሜ፣ ደንበኛም መኪናውን ይዞ የሚመጣው ቅዳሜ! ከአለቃህ ጋር በጽሑፍ ተስማማ፤ የቃል ፈቃድ ሥራ ሲበዛ ይረሳል፤ እኔም ደርሶብኛል። የትምህርት ሚኒስቴርን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አትናቀው።

የመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ እጅህ ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አይጠይቅም፤ ብርቱካናማው ኬብሉ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል። ከዘይት ቅያሬ ይኖር የነበረ ጋራዥ እንግዲህ በምን ይኑር? ባለቤቱን አስፈቅድና የሥራ ካርዶቹን ለጽሑፍህ ከዛሬ ጀምረህ ሰብስብ።